ያልተቆረጠ ሰዓት

ኤፍ-16 ተዋጊ ጄት ሞተሩ ስለተነሳ ብቻ አይበርም። የት እንደቆመና ወዴት እንደሚያይ የሚነግረው የአሰሳ መሣሪያ የምድርን ሽክርክሪት እየለካ ራሱን እስኪያስተካክል ድረስ ስምንት ደቂቃ ያህል ባለበት መቆየት አለበት። በዚህ ጊዜ ጎማው ንቅንቅ አይልም። አብራሪው በትንሽ ማሳያ ላይ አንድ ቁጥር እየቀነሰ ሲወርድ ያያል፤ 10 ላይ ሲደርስ ዝግጁነቱን የሚያበስረው ምልክት ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። እስከዚያው ያለው ሥራ ሬዲዮ ማዳመጥ፣ ሰዓት ማየት፣ የተረሳ ማብሪያ ካለ በጣት እየቆጠሩ መፈለግ ነው።

ፋልከን ቢኤምኤስ የተባለው የውጊያ በረራ ጌም እነዚህን ስምንት ደቂቃዎች እንዳሉ ትቷቸዋል። ያልፈለገ ሰው ማኮብኮቢያው ላይ ቆሞ መጀመር ይችላል፤ ምርጫው አለ። እኔ የማደንቀው ግን ምንም ሳይዘለል፣ ሞተር ከማስነሳት እስከ ሞተር ማጥፋት የሚበረረውን ሙሉ ግዳጅ ነው። ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ሊወስድ ይችላል። ከዚህ ውስጥ ቦምብ የሚጣልበትና ሚሳኤል የሚተኮስበት ጊዜ ተደምሮ አምስት ደቂቃ የማይሞላበት ቀን ብዙ ነው። የቀረው መንገድ ነው፣ ጥበቃ ነው፣ ዝግጅት ነው። የሠሪዎቹ እጅ የሚታየውም በዚያ በቀረው ውስጥ ነው።

ከጅምሩ እንየው። ኮክፒቱ መጀመሪያ ጨለማ ነው። ባትሪው ሲበራ ጥቂት የማስጠንቀቂያ መብራቶች ይነቃሉ። ዋናውን ሞተር የሚያዞር ሌላ ትንሽ ሞተር አለ፤ እሱ ደግሞ የሚነሳው በሁለት ማጠራቀሚያዎች ውስጥ በታመቀ የሃይድሮሊክ ግፊት ነው። ማብሪያው ሁለት ምርጫ አለው፤ አንደኛው የአንዱን ማጠራቀሚያ ግፊት ብቻ ይወስዳል፣ ሁለተኛው የሁለቱንም። የዋናው ሞተር ዙር 20 በመቶ ሲያልፍ ስሮትሉ ወደፊት ይገፋል፤ ነዳጁ ይቀጣጠላል፤ የሙቀት መለኪያው መርፌ ሽቅብ ይወጣል፤ ድምፁ ከፉጨት ወደ ጉርምርምታ ይለወጣል።

ብዙ ማብሪያ የሚስል ጌም ሞልቷል። የዚህኛው ልዩነት ማብሪያዎቹ እርስ በርስ መተዋወቃቸው ነው። አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በኤፍ-16 ግራ በኩል ጭነቱ ቀላል ነው ወይስ ከባድ የሚለውን ለበረራ ኮምፒውተሩ የምትነግር አንዲት ማብሪያ አለች። ክንፉ ሥር ከባድ ቦምብ ተሰቅሎ ማብሪያዋ በቀላል ጭነት ቦታዋ ከቀረች ቢጫ መብራት ይበራል። መብራቱን ችላ ብሎ መነሳት ይቻላል፤ ጌሙ አይከለክልም፤ ለአንድ ሰዓትም ምንም አይፈጠርም። ከዚያ አብራሪው ከሚሳኤል ሊሸሽ ጄቱን በኃይል ሲያጥፍ ኮምፒውተሩ ልጓሙን አላጠበቀምና ጄቱ ከቁጥጥር ሊወጣ ይችላል። ከዚህ የከፋው አየሩ ክንፉን ለቆት አፍንጫው ቀናና ዝቅ እያለ ሆዱን ለምድር ሰጥቶ የሚወርድበት ሁኔታ ነው። መውጫው አንድ ነው፤ በግራ ያለችውን ሌላ ማብሪያ ተጭኖ ይዞ፣ ከአፍንጫው ውዝዋዜ ጋር እኩል ስቲኩን መግፋትና መሳብ። የእውነተኛው ጄት አብራሪዎችም የሚማሩት ይህንኑ ነው። ማረፊያው ላይ የተናቀች መብራት በ20,000 ጫማ ላይ መልስ የምታገኝበትን ጌም መሥራት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አብዛኛው ተጫዋች ሁለቱን ነገሮች እንደማያገናኛቸው እያወቁ መሥራት ደግሞ የበለጠ።

የሥራው ታሪክ ራሱ ትዕግሥት ነው። ፋልከን 4.0ን ማይክሮፕሮዝ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1998 አወጣው። ሳጥኑ ውስጥ በክላሰር የታሰረ ከ500 ገጽ በላይ መመሪያ ነበር። ጌሙ ግን ገና ያልበሰለ ነበርና በስህተቶች ተሞልቶ ወጣ። በዓመቱ፣ በ1999 መጨረሻ፣ ድርጅቱን የገዛው ሃዝብሮ ጌሙ የተሠራበትን የካሊፎርኒያ ስቱዲዮ ዘጋው። በ2000 የጸደይ ወራት የጌሙ ኮድ አፈትልኮ ኢንተርኔት ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ እንግዲህ በተለያዩ አገሮች የሚኖሩ፣ አብዛኞቹ ፊት ለፊት ተያይተው የማያውቁ በጎ ፈቃደኞች እየተቀባበሉ ሲጠግኑት፣ ሲያፈርሱት፣ መልሰው ሲገነቡት ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆነ። ቢኤምኤስ የዚህ ሥራ ውጤት ነው። በነፃ ይሰጣል። የሚያዘጋጁትን መመሪያ እንኳ የአሜሪካ አየር ኃይል በሚጠቀምበት አሰያየም «ዳሽ-1» እና «ዳሽ-34» እያሉ ነው የሚጠሩት፤ አንዱ ስለ ጄቱ፣ ሌላው ስለ መሣሪያው።

ይሁንና ከ1998ቱ ሥራ እስከ ዛሬ ማንም ያልበለጠው አንድ ክፍል አለ፤ የዘመቻው ሞተር፣ ማለትም ጦርነቱን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም። የጦርነቱ ሜዳ የኮሪያ ልሳነ ምድር ነው። በሁለቱም ወገን እግረኛና ታንከኛ ሻለቆች፣ የአየር መከላከያ ባትሪዎች፣ ድልድዮች፣ ፋብሪካዎች፣ የኃይል ማመንጫዎች፣ የጦር ሰፈሮች አሉ። ሁሉም ስንቅና ጥይት ይፈልጋሉ። ድልድይ ከተመታ ከኋላው የሚመጣው ሻለቃ ይዘገያል፤ ማኮብኮቢያ ከተቆፈረ እስኪጠገን ከዚያ ሰፈር የሚነሳ የለም፤ የስኳድሮኑ ጄቶች ቁጥር የተወሰነ ነውና ዛሬ የወደቀው ነገ አይገኝም። ኮምፒውተሩ ለሁለቱም ጦሮች የሚቀጥሉትን ሰዓታት ግዳጅ ያወጣል፤ ተጫዋቹ ከዝርዝሩ አንዱን መርጦ ይቀመጥበታል። ባይቀመጥበት ሌላ ይበረዋል። ሰዓቱ ዕቅድ በሚወጣበት ክፍልም ውስጥ ይቆጥራል።

በ1998 የነበረ ኮምፒውተር ይህን ሁሉ ታንክና ጄት አንድ በአንድ ሊያሰላ አይችልም ነበር። የዘመቻውን ሞተር የጻፈው ኬቪን ክሌሚክና ባልደረቦቹ ያገኙት መላ ዛሬም ያስደንቃል። ከተጫዋቹ የራቀው ጦርነት በድምር ይሰላል፤ አንድ ሻለቃ አንድ ነጥብ ነው፣ ጥንካሬው ቁጥር ነው፣ ውጊያው ዕጣ ነው። ተጫዋቹ ሲቀርብ ነጥቡ ይዘረዘራል፤ እያንዳንዱ ታንክ በየቦታው ይቆማል፣ እያንዳንዱ መኪና መንገዱ ላይ ይሰለፋል። ተጫዋቹ ሲርቅ የተረፈው ተቆጥሮ መልሶ ነጥብ ይሆናል። በጨለማ ፋኖስ ይዞ የሚሄድ ሰው የደረሰበትን ብቻ እንደሚያይ ሁሉ፣ ይህም ዓለም በዙሪያችን ብቻ ነው ዝርዝሩ የሚወጣው። ጥበቡ መላው ላይ ብቻ አይደለም፤ ስፌቱ አለመታየቱ ላይ ነው። በደመናው ማዶ ሁለት ጄቶች ሲዋጉ በሬዲዮ ይሰማል፤ ሄደን ብናይ እዚያው እናገኛቸዋለን።

ለዚህ ነው ሙሉ ግዳጅ መብረር ትርጉም የሚያገኘው። ብዙ ጌም ተጫዋቹ እስኪመጣ የሚጠብቅ ዓለም ነው የሚሠራው፤ በር ሲከፈት ጠላት ይነሳል። እዚህ ግን ማንም ማንንም አይጠብቅም። ከኩንሳን ሰፈር የሚነሳ የአራት ጄቶች ቡድን የጠላትን ራዳር የሚመቱ አራት ሌሎች ጄቶች ከፊቱ፣ አጃቢዎች በላዩ፣ ነዳጅ ሰጪ አውሮፕላን በመንገዱ አሉት። ሁሉም የታሰሩት በሰዓት ነው። ዒላማው ላይ የመድረሻ ጊዜ በሰከንድ ተጽፏል፤ ፊት ለፊት ባለው መስታወት ላይ ከፍጥነት መለኪያው አጠገብ አንዲት ትንሽ ምልክት ወጥታ በሰዓቱ ለመድረስ ስንት መብረር እንዳለብን ታሳያለች። ምልክቷ ሽቅብ ከሄደች ዘግይተናል፤ ስሮትሉ ይገፋል፤ ነዳጁ ይጎድላል። የራዳር መቺዎቹ ሰዓታቸውን ጠብቀው ገብተው ከወጡ በኋላ አምስት ደቂቃ ዘግይቶ የደረሰ ቡድን የሚያገኘው የነቃ ጠላት ነው። መነሻ ላይ ያሉትን ስምንት ደቂቃዎች ለማዳን የቸኮለ ሁሉ ይህን ሒሳብ አላየውም።

ነዳጁስ? የኤፍ-16 የውስጥ ታንክ 7,000 ፓውንድ ያህል ይይዛል። ዝቅ ብሎ ተጨማሪ ግፊት የሚሰጠውን አፍተርበርነር ሙሉ በሙሉ የከፈተ ጄት ይህን ከአሥር ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ኬሲ-135፣ የአየር ላይ ቦቴው፣ መንገዱ ላይ ይጠብቃል። በዚህ ጌም ውስጥ ከተኩሱ ሁሉ በላይ የሰውን እጅ የሚፈትነው ይህ ነው። ነዳጁ የሚገባበት ቀዳዳ ከአብራሪው ጀርባ ነው፤ አይታይም። በቦቴው ሆድ ሥር ሁለት ረድፍ መብራት አለ፤ አንዱ ከፍ በል ዝቅ በል ይላል፣ ሌላው ቅረብ ራቅ። በኮክፒቱ ውስጥ ሰማያዊ መብራት ሲበራ ዝግጁ ነን፤ አረንጓዴ ሲሆን ቱቦው ገብቷል፤ ቢጫ ከሆነ አመለጠ። መብራቶቹ ላይ ያፈጠጠ ሁሌም ይዘገይባቸዋል፤ ሲያርም ያልፋል፣ ሲመለስ ያልፋል፣ ጄቱ እየተወዛወዘ ይሄዳል። ብልሃቱ ቦቴውን እንዳለ ማየት፣ እጅን ማላላት፣ ስሮትሉን በፀጉር ያህል መንካት ነው። ነዳጁ ሲገባ ጄቱ መክበዱ ይታወቃል፤ ቀድሞ ይበቃ የነበረው ኃይል ማነስ ይጀምርና ወደኋላ መቅረት ይመጣል። ይህን ቀስ ብሎ የሚመጣ ክብደት ያሰበ፣ አስቦም ያልተወ ሰው ምን ያህል ጠንቃቃ እንደሆነ ልብ በሉ። ማንም ባይሠራው ማንም አያጉረመርምም ነበር።

ሬዲዮውም እንዲሁ ነው። ሁሉም የሚያውቃት አንዲት ነጥብ ካርታው ላይ ትመረጣለች፤ የጠላት አውሮፕላን የት እንዳለ ለሁሉም የሚነገረው ከእሷ ተነስቶ በአቅጣጫና በርቀት ነው። አዋክሱ፣ ሰማዩን በራዳር የሚቃኘው አውሮፕላን፣ ከዚህ ነጥብ 270 ዲግሪ፣ 40 ማይል ሲል ሰሚው ራሱ ከነጥቧ የት እንዳለ አስቦ፣ ያኛውን የት እንደሆነ አስቦ፣ የሚያሰጋው እንደሆነና እንዳልሆነ መወሰን አለበት። መጀመሪያ ጫጫታ ብቻ ነው። ውሎ አድሮ ግን ጆሮ ይለመድና ሰማዩ በቃል ይሳላል፤ ራዳሩ ያላየውን ጠላት ጆሮ ያየዋል።

ከዚያ ድንበሩ ይታለፋል። ከማለፍ በፊት የውጭ መብራት ይጠፋል፣ መሣሪያው ይከፈታል፣ የማታለያ ብልጭታና የብረት ብናኝ መልቀቂያው ይዘጋጃል። የራዳር ማስጠንቀቂያው ክብ ማሳያ ላይ «2» የሚል ቁጥር ይወጣል፤ ኤስኤ-2 ነው፣ በቬትናም ጦርነት የታወቀው፣ ከአሥር ሜትር በላይ የሚረዝመው የሶቪየት ሚሳኤል። ሲተኮስ ድምፁ ይለወጣል። ያረጀ ሚሳኤል ነው፤ ቀድሞ ያየው ሰው ያመልጠዋል። ግን ለማምለጥ ጄቱን ማጠፍ አለበት፤ ለማጠፍ ክብደቱ አይፈቅድለትም፤ ስለዚህ ቦምቡንና የነዳጅ ጋኖቹን ሜዳ ላይ ይጥላል። ሚሳኤሉ ሳይመታው አሸነፈው ማለት ነው። ያን ያህል የተደከመበት ግዳጅ በአንዲት ቁልፍ እዚያ ያልቃል። አጭር ጌም ይህን ሊያስተምር አይችልም፤ ከሦስት ደቂቃ በፊት የተጀመረ ነገር ቢጣል ማንን ይቆጨዋል?

ያለፈለት ዒላማው ላይ፣ እንበል አንድ ድልድይ ላይ፣ ይደርሳል። ከ20,000 ጫማ የተለቀቀ ቦምብ ምድር እስኪነካ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ይወስዳል። በሌዘር የሚመራ ከሆነ እስከዚያ ድረስ የጄቱ ካሜራ ድልድዩን ማየት አለበት፤ አብራሪው እንዳሻው መዞር አይችልም፣ የራሱ ክንፍ ካሜራውን ይጋርድበታልና። ያቺ ግማሽ ደቂቃ የግዳጁ ረጅሟ ክፍል ናት።

እንከኑን ሳልናገር ባልፍ አድናቆቴ ሐሰት ይሆናል። በኮምፒውተሩ የሚበሩት ጓዶች አንዳንዴ ሞኞች ናቸው፤ ትእዛዝ ሲሰጣቸው እሺ ብለው ሌላ ይሠራሉ። የሬዲዮ ድምፆቹ ከተቆራረጡ ቃላት የተሰፉ ስለሆኑ ሞት የሚያወራውም ዝናብ የሚያወራውም በአንድ ቅላጼ ነው። ከዚህ የሚከብደው ግን ሰው አለመኖሩ ነው። ድልድዩ ላይ መኪና አለ፣ መኪናው ውስጥ ማንም የለም፤ ከተማው ቤት አለው፣ ነዋሪ የለውም። ከአየር የሚመጣ ድብደባ ምን እንደሆነ ከቤተሰቡ የሰማ ወይም በዓይኑ ያየ አንባቢ ይህ ባዶነት ቶሎ ይታየዋል። ሠሪዎቹ ስለ ጄቱ ያላቸው ሐቀኝነት ከምድር በላይ ነው የሚቆመው፤ ወደ ታች አይወርድም። የሰውነት ስቃይም የለም። ስበቱ ዘጠኝ እጥፍ ሲሆን ስክሪኑ ይጨልማል እንጂ አንገታችን አይሰበርም።

ለኛ አገር ተጫዋች ደግሞ ከኤፍ-16 ይልቅ ሌላ ጄት ሊቀርብ ይችላል። ዲሲኤስ በተባለው ተመሳሳይ ጌም ውስጥ ኤፍ-5ኢ አለ። በ1969 ዓ.ም. ክረምት ሶማሊያ ስትወረን የኢትዮጵያ አየር ኃይል አብራሪዎች በኦጋዴን ሰማይ የሶማሊያን ሚግ-21 እና ሚግ-17 የገጠሙት በዚህ ዓይነት ጄት ነው። ሚግ-21ም፣ ኋላ የመጣው ሞዴል፣ እዚያው ጌም ውስጥ ይገኛል። ኤፍ-5ኢ ትንሽ ነው፤ ሁለት 20 ሚሊ ሜትር መድፍ በአፍንጫው፣ ሁለት ሳይድዋይንደር ሚሳኤል በክንፎቹ ጫፍ፣ ቅርብ ብቻ የሚያይ ራዳር። በኮክፒቱ ውስጥ አዋክስ ያየውን የሚያሳይ፣ ካርታ የሚስል ማሳያ የለም፤ ሰዓት፣ አቅጣጫ ጠቋሚና ዓይን ነው ያለው። ኤፍ-16 የለመደ ሰው እዚያ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚሰማው እርዳታ ማጣት ነው። አንድ ሙሉ በረራ፣ ከመነሳት እስከ ማረፍ፣ ነዳጁን እየቆጠረ ቢበር ደግሞ ያ ትውልድ በምን መሣሪያ ምን እንደሠራ ከማንኛውም መግለጫ በላይ ይገባዋል። የዲሲኤስ ኮክፒቶች ለዓይን ከቢኤምኤስ ይልቃሉ፤ ብረቱ የተፋቀበት፣ ቀለሙ የለቀቀበት ሁሉ ይታያል። ጦርነቱ ግን የቢኤምኤስን ያህል አይተነፍስም። ሁለቱን አጋብቶ አንድ የሚያደርግ እስኪመጣ እኔ ጦርነቱን እመርጣለሁ።

መመለሻው ብዙም አይወራለትም፤ ሊወራለት ግን ይገባል። ነዳጁ ወደ ታችኛው ልክ ወርዷል፤ ሌሎች ጄቶችም ወደዚያው ማኮብኮቢያ እየመጡ ነው፤ የማማው ሰው ወረፋ ይሰጣል። ከኋላ የተመታ ጄት ካለ ቅድሚያ ይሰጠውና ሌላው ይዞራል። እጅ ደክሟል፣ ትኩረት ላልቷል፤ ብዙ አብራሪ ጄቱን የሚሰብረው እዚህ ነው። ካረፉም በኋላ የጎማው ብሬክ መጋሉን፣ መውጫ መንገዱን፣ ማቆሚያውን ማሰብ አለ። ሞተሩ ሲጠፋ የትኛው ቦምብ የት እንዳረፈ የሚዘረዝር ገጽ ይመጣል፤ ካርታው ላይ ያ ድልድይ ተሰብሮ ይታያል፤ ከሰሜን የሚወርደው ሻለቃ ቆሟል ወይም ሌላ መንገድ ይዟል። ሜዳልያ ቢሰጥ አልፎ አልፎ ነው። ቀጣዩ የግዳጅ ዝርዝር ግን ወጥቷል።

ልትሞክሩት የምታስቡ ካላችሁ ሁለት ሦስት ነገር ልንገራችሁ። ቢኤምኤስ ነፃ ቢሆንም የ1998ቱ ፋልከን 4.0 ኮምፒውተራችሁ ላይ መኖሩን ይጠይቃል፤ በኢንተርኔት መደብሮች በርካሽ ይሸጣል። ከጌሙ ጋር የሚመጣውን የሥልጠና መመሪያ ከመጀመሪያው ጀምራችሁ በተራ ብረሩት፤ ዘሎ ቦምብ ላይ የገባ ቶሎ ይሰለቻል። የመጀመሪያውን ግዳጅ ቁጥር ሁለት ሆናችሁ መሪያችሁን ተከትላችሁ ሂዱ፤ መምራት ይደርሳል። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ ከጆይስቲክ በፊት ዩፒኤስ ግዙ።